የማዳጋስካር ትላልቅ ወንዞች ለምን ወደ ምዕራብ ይፈስሳሉ? ከደብረ ሲና የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ሲና

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በደብረ ሲና የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከክፍል ይዤው የወጣሁትን አንድ ጥያቄ በሚገባ መመለስ ስለምፈልግ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስለ አፍሪካ ደሴቶች ሳስተምር የማዳጋስካርን ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሥዬ፣ በአትላስ ላይ ጎልተው የሚታዩትን ወንዞች፣ ማለትም ቤጺቦካን፣ ጺሪቢሂናን፣ ማንጎኪንና ኦኒላሂን በሰማያዊ ጠመኔ አሰመርኩ። አራቱም ከደሴቲቱ ደጋማ ክፍል ተነሥተው፣ ደሴቲቱን ከአፍሪካ ምድር ወደሚለየው የሞዛምቢክ ሰርጥ የሚገቡ ናቸው።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሁሉም ወደ ግራ ሄዱ፤ በቀኝ በኩል ወንዝ የለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። በቀኝ በኩልም ወንዞች መኖራቸውን፣ ነገር ግን አጫጭር መሆናቸውን ነገርኳት። «ዝናብ ስለማይዘንብ ነው?» አለች። በእውነቱ ዝናቡ አብዝቶ የሚጥለው በዚያው በምሥራቁ ዳርቻ ነውና ይህንኑ ስገልጽላት፣ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያው ዝናብ የጠገበው ወንዝ እንዴት አጠረ?» አለችኝ። ወዲያው ደወል ስለተደወለ፣ ሰኞ ትምህርታችንን ከዚሁ ጥያቄ እንደምንጀምር ቃል ገብቼላት ወጣሁ።

የወንዞቹን ስምና ርዝመት ማንም መጽሐፍ ገልጦ ሊያገኘው ይችላል። እኔ የምሻው ምክንያቱን ነው፤ ይኸውም ደብረ ሲና ተወልዳ ያደገች፣ ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ፣ ዘወትር በዓይኗ ከምታየው መሬት ተነሥታ ልትረዳው በምትችልበት መንገድ ነው። ስለ ወንዞቹ መድረሻ፣ ባሕሩን ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገርም የምታውቁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።


መልስ፦ ቀያሽ (ጡረተኛ)፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ ከትምህርት ቤታችሁ ደጃፍ ይጀምራል፤ ቀና ብላ ከላይዋ ያለውን የጣርማ በር አፋፍ ብታይ ግማሹን ታገኘዋለች። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንገድ ቅየሳ ሥራ ሲሆን፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን መሥመር በእግሬ ደጋግሜ ተመላልሼበታለሁ። አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ጭጋጉ የመለኪያውን ዘንግ ጫፍ እስኪሰውርብኝ ድረስ በወረደበት ሰዓት፣ አፋፉ ላይ በሁለት የጎርፍ ማፋሰሻ ቦዮች መካከል ቆሜ ነበር። አንዱ ከሌላው የሚርቀው ጎልማሳ ድንጋይ ወርውሮ የሚያደርሰውን ያህል ነው። ዝናቡ ሁለቱን ቦዮች እኩል ሞልቷቸዋል። የአንደኛው ውሃ ግን ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ በሱዳንና በግብፅ አልፎም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። የሌላኛው ውሃ ወደ እናንተ ወደ ደብረ ሲና ተወርውሮ፣ በሸዋ ሮቢት ቆላ በኩል አዋሽን ይቀላቀልና፣ አዋሽ ራሱ ባሕር ሳያይ ከጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሆኜ ለሁለቱ ውሃዎች እንዲህ መለያየት ምክንያት የሆነውን ያችን ጥቂት ክንድ ከፍታ በእግሬ ስረግጣት የተሰማኝን አሁንም አልረሳውም።

ቁም ነገሩ የውሃ መለያው መሥመር የሚገኝበት ቦታ ነው። በሰሜን ሸዋ ይህ መሥመር በደጋው መካከል ሳይሆን በምሥራቁ ጠርዝ፣ ከአንኮበር በጣርማ በር አድርጎ በጓሳ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ስለዚህ ከአፋፉ በስተምሥራቅ ያለው ቁልቁለት አጭርና ጉልበት የሚያብረከርክ ነው፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። በስተምዕራብ ግን በሬሳ፣ ጫጫ፣ ሞፈር ውሃና ወንጪት ሰፊውን ደጋ ይዘው ከተጓዙ በኋላ ነው ጥልቁን የጀማ ሸለቆ የሚያገኙት። ምሰሶው በመካከል ሳይሆን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ተጠግቶ የተተከለለትን ቤት ያስቡ፤ የክዳኑ አንዱ ወገን አጭርና ቀጥ ያለ፣ ሌላው ወገን ረዥምና ለዘብ ያለ ይሆናል። የዝናብ ጠብታ የሚሄድበትን መንገድ ርዝመት የሚወስነው የምሰሶው ቦታ ነው።

ማዳጋስካር ልክ እንደዚህ ያለ ቤት ናት። ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,580 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ስፋቷ ግን በሰፋበት ቦታ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደሴት ስትሆን፣ የውሃ መለያዋ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ እጅግ ተጠግቶ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ዋና ከተማዋን አንታናናሪቮን አቋርጦ የሚያልፈው የኢኮፓ ወንዝ ነው። ከከተማይቱ እስከ ምሥራቁ ባሕር በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ኢኮፓ የቅርቡን ባሕር ትቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ያዞርና፣ ማኤቫታናና ከተባለች ከተማ በታች ቤጺቦካን ተቀላቅሎ፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ በቦምቤቶካ የባሕር ወሽመጥ በኩል ወደ ሞዛምቢክ ሰርጥ ይገባል። መንገዱን የዘጋበት ያው የምሥራቁ አፋፍ ነው።

ተማሪዎችዎ አፋፉ ለምን በምሥራቅ ሆነ ብለው ቢጠይቁ ደግሞ መልሱ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር ይዛመዳል። ማዳጋስካር ከአፍሪካ ምድር የተለየችው ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ሕንድ ደግሞ ከእርሷ የተገነጠለችው ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የምሥራቁ ዳርቻ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው በዚያ ስንጥቅ ምክንያት ነው፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ ሲቀር መሬቱ ወደ ምዕራብ አዘነበለ። እኛም የቆምነው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሆኑን ያስታውሱ። የእኛው ስንጥቅ ገና ባሕር አልገባበትም እንጂ አፋፉን የፈጠረው ሥራ ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹ «ደጋ» ሲባሉ የእኛን ደጋ እንዳያስቡ ያስረዷቸው። በደሴቲቱ ከሁሉ የሚበልጠው የማሮሞኮትሮ ተራራ ጫፍ 2,876 ሜትር ነው፤ ይህ ከደብረ ብርሃን ከተማ ከፍታ እምብዛም አይበልጥም። በደጋ ላይ የተሠራችው አንታናናሪቮም ከሸዋ ሮቢት ጋር በከፍታ እኩያ ናት።


መልስ፦ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ

መምህር፣ እንዲህ ያለች ተማሪ ስላለችዎ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ስለ መሬቱ አቀማመጥ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው ከወሰድነው ልጅቷን መልሶ ያሳስታታል ብዬ ስለምሰጋ ይህን ልጨምር። በሰሜን ሸዋ ክረምቱ አብዝቶ የሚዘንበው በደጋው ላይ ሲሆን፣ ከአፋፉ በታች ያለው የምሥራቅ ቆላ ዝናብ ያንሰዋል። በማዳጋስካር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ መጥቶ ከአፋፉ ጋር ይላተማል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። የምሥራቁ ዳርቻ በብዙ ቦታ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲያገኝ፣ ነፋሱ ተራግፎ የሚደርስበት የደቡብ ምዕራቡ ጥግ ከ400 ሚሊ ሜትር በታች የሚያገኝባቸው ሥፍራዎች አሉት። ስለዚህ ለተማሪዎ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው፦ ዝናብ የወንዝን ውሃ ያበዛል፣ የወንዝን መንገድ ግን አያረዝምም። የምሥራቁ ወንዝ ውሃው ሙሉ፣ ጉልበቱም ብርቱ ነው፤ መሬቱ ስለሚያልቅበት ብቻ ቶሎ ባሕር ይገባል። ከአፋፉ የሚወረወረውን ይህን ጉልበት አገሬው ለኤሌክትሪክ ኃይል ይጠቀምበታል፤ በቮሂትራ ወንዝ ላይ ያለው የአንዴካሌካ ጣቢያ ለዋና ከተማዋ ኃይል ከሚያቀርቡት ዋነኞቹ አንዱ ነው።

ወቅቱም ቢሆን ከእኛ ጋር የተገላቢጦሽ ነው። የእነርሱ ዝናብ የሚጀምረው እኛ ገብስና ስንዴያችንን አጭደን ስንከምር፣ በኅዳር ገደማ ሲሆን እስከ ሚያዝያ መግቢያ ይቆያል። በሬሳ ነሐሴ ላይ ድልድይ ሲነካ ቤጺቦካ በበጋው ላይ ነው።

ቤጺቦካን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቆይበት፤ ሥራዬም ሐሳቤም ያለው እዚያ ነውና። ከጠፈር በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ይህ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ሥፍራ እንደ ሸክላ ጭቃ ቀልቶ ይታያል። ቀለሙ የደጋው አፈር ነው። በማዳጋስካር ደጋ ኮረብቶች ላይ በአገሬው ቋንቋ «ላቫካ» የሚባል፣ ትርጉሙም ጉድጓድ የሆነ፣ እኛ ቦረቦር የምንለውን የሚመስል ቁስል በብዛት አለ። ቅርጹ ግን ከእኛ ቦረቦር ይለያል፤ የእኛው ብዙውን ጊዜ ከታች ጀምሮ እንደ ቦይ ወደ ላይ የሚረዝም ሲሆን፣ ላቫካ ግን እንደ ጭልፋ ነው፤ አናቱ ሰፊና ክብ፣ ውሃና አፈር የሚወጣበት በሩ ጠባብ። ምክንያቱም የኮረብታው ላይኛ ቀይ አፈር ጠንካራ ቅርፊት ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ያለው የበሰበሰ ዐለት እንደ አመድ የላላ ስለሆነ ነው። ቅርፊቱ አንድ ጊዜ ከተከፈተ፣ ከውስጥ የሚመነጨው ውሃ የላላውን አፈር እየጠረገ ያወጣል፤ ላይኛውም ድጋፍ አጥቶ ይናዳል። የደን መጨፍጨፍ፣ የሣር ማቃጠልና የከብት እግር ነገሩን ያባብሱታል፤ ሆኖም ሰው ባልደረሰበት ዘመን የተከፈቱም ስላሉ ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ መንዝ ውስጥ ክትር በምንሠራበት አንድ ቦረቦር ሥር ከሚወርደው ጎርፍ በብርጭቆ ቀድቼ መስኮት ላይ አሳድሬው ነበር። ጠዋት ሳየው ውሃው ጠርቶ፣ ከብርጭቆው ግርጌ የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ደለል ተኝቷል፤ ላዩ ላይም አንዲት የገብስ ሥር እንደ ክር ተንሳፋ ነበር። የአንድ ሰው ማሳ የነበረ አፈር ነው። ይህ የእኛ ደለል መንገዱ ረዥም ነው፤ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፣ ከዚያም ከፊሉ በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ያርፋል። የቤጺቦካ ደለል ግን የሚያቆመው ግድብ ስለሌለ ከፊሉ በታችኛው የማሮቮአይ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ የተረፈው ባሕሩን ይሞላል። ተማሪዎችዎ ወንዝን ሲስሉ ሰማያዊ ጠመኔ ብቻ ባይጠቀሙ መልካም ነው፤ ለቤጺቦካ ቀዩ ጠመኔ ይሻላል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ጺሪቢሂና ማሃጂሎና ማኒያ የተባሉ ወንዞች ከደጋው ወርደው ሲገናኙ የሚወለድ ሲሆን፣ ቤሎ ከተባለች ከተማ አልፎ በብዙ አፎች ባሕር ይገባል። ማንጎኪ ከፊያናራንጾአ ደጋ የሚወርደውን ማጺያትራን ይዞ ይጓዝና፣ በምዕራቡ ዳርቻ ሰፊ ዴልታ ይሠራል። ማናምቦሎ እንደ ጦር የሾለ የኖራ ድንጋይ ያለበትን የቤማራሃ ጺንጊን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሥፍራው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ኦኒላሂ ከቶሊያራ ከተማ በስተደቡብ በቅዱስ አውግስጢን የባሕር ወሽመጥ ይገባል። በደቡቡ ጫፍ ያለው ማንድራሬ ደግሞ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚፈስስ ቢሆንም፣ አገሩ ደረቅ ስለሆነ በበጋ አልጋው አሸዋ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።


መልስ፦ የቀድሞ መርከበኛ፣ የአንኮበር ተወላጅ

የተከበሩ መምህር፣ ወንዞቹ ባሕሩን ሲገናኙ ስለሚሆነው ጠይቀው ነበርና፣ በዓይኔ ያየሁትን ልጻፍ። በጭነት መርከብ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ከደሴቲቱ ሁለቱም ወገን ደርሻለሁ፤ በምዕራብ ማሃጃንጋ፣ በምሥራቅ ቶአማሲና።

ማሃጃንጋ በቤጺቦካ አፍ ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። እኛ የደረስነው በጥር ወር፣ በዝናባቸው አጋማሽ ነበር። ከተማዋ ገና ሳትታየን ሰማያዊው ባሕር አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻም የጡብ ቀለም ሆነ። የሁለቱ ውሃ መገናኛ መሥመር እንደ ጥልፍ ስፌት ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ አረፋ፣ ሣርና ቅርንጫፍ ተሰልፈውበታል። በባልዲ ቀድተን ስናየው ጣታችን ከውሃው ውስጥ አይታይም። ወደቡ ለትልልቅ መርከቦች ጥልቀት ስለማይበቃው እኛ ከሩቅ መልሕቅ ጥለን ቆምን፣ ጭነቱን ጠፍጣፋ ጀልባዎች እየተመላለሱ አወረዱት። ከወሽመጡ ውስጥ ደግሞ በማንግሮቭ ዛፍ የተሸፈኑ ደሴቶች አሉ፤ ደለል ሲከማች ዛፉ ሥር ይሰድድበታል፣ ሥሩ ደግሞ ሌላ ደለል ይይዛል፣ እንዲህ እየተባለ ውሃ የነበረው መሬት ይሆናል። ከላይ ማሳውን ያጣ ሰው አፈሩ ታች ደርሶ የሌላ ዛፍ መብቀያ መሆኑን አያይም።

እኅታችን የጠቀሱት ማሮቮአይ ከወሽመጡ በላይ ያለ ታዋቂ የሩዝ አገር ነው። በአገሬው ቋንቋ «ማሮ» ብዙ፣ «ቮአይ» ደግሞ አዞ ማለት ነው። አገሬው ሩዝን እኛ ጤፍን እንደምንወደው ይወዳል። እ.ኤ.አ. እስከ 1810 የነገሠው አንድሪያናምፖይኒሜሪና በኢኮፓ ዳር ያለውን ረግረግ በግድብና በቦይ አስተካክሎ የሩዝ ማሳ ያስፋፋ ንጉሥ ሲሆን፣ «የሩዝ ማሳዬ ወሰን ባሕሩ ነው» ማለቱ ይነገርለታል። የኢኮፓን ውሃ ተከትሎ ለተመለከተ ሰው ይህ ንግግር ትርጉም አለው፤ ማሳውን ያጠጣው ውሃ በእርግጥም ባሕር ድረስ ይሄዳልና።

የምሥራቁ ወገን ፍጹም ሌላ ነው። እዚያ ወንዞቹ ከአፋፉ በፏፏቴ ወርደው፣ ጠባቧን ሜዳ በአጭር ጊዜ አቋርጠው ከባሕሩ አጠገብ ሲደርሱ፣ የውቅያኖሱ ማዕበል አሸዋ እየገፋ በራቸውን ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ከአሸዋው ግድግዳ ጀርባ ተኝተው ረዣዥም ሐይቆች ይሠራሉ። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን እነዚህን ሐይቆች በቦይ እያገናኙ ፓንጋላን የሚባለውን የጀልባ መንገድ ሠሩ፤ ከቶአማሲና ወደ ደቡብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ባሕሩ ከአሸዋው ማዶ ሲጮህ እየሰማህ በጸጥተኛ ውሃ ላይ በጀልባ ትሄዳለህ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ይህ ሜዳ ክፉ ቀን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባጺራይ የተባለው አውሎ ነፋስ ማናንጃሪ አጠገብ ምድሩን ሲመታ፣ ወንዞቹ ከላይ ባሕሩም ከታች መጥተው ነዋሪውን በመካከል ያዙት።


ጥያቄ፦ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሁሉ ረዥሙ ወንዝ የትኛው ነው? በአንድ መጽሐፍ ማንጎኪ፣ በሌላ ቤጺቦካ ተብሎ አንብቤአለሁ። ደግሞስ በምሥራቅ በኩል ረዥም የሚባል አንድም ወንዝ የለም?


መልስ፦ ቀያሽ (ጡረተኛ)፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። በብዛት የሚጠቀሰው ማንጎኪ 564 ኪሎ ሜትር፣ ቤጺቦካ 525 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቀዳሚነቱን ማንጎኪ ይወስዳል። ልዩነቱ የሚመጣው የወንዝን መነሻ ከየትኛው ገባር እንቁጠር ከሚለው ነው። በቅየሳ ሥራ የወንዝን አፍ ማግኘት ቀላል ነው፣ ራሱን ማግኘት ግን ያከራክራል። በሬሳን ወስደህ ምንጩ ይህ ነው ብለህ ለመጠቆም ብትወጣ፣ ከእያንዳንዱ ጨፌ የምትወጣ ቀጭን ውሃ እኔ ነኝ ትልሃለች።

በምሥራቅ በኩል ረዥሙ ማንጎሮ ሲሆን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። እርሱ የረዘመበት ምክንያት ደስ የሚል ነው። አፋፉ በደሴቲቱ መካከለኛ ክፍል አንድ ሳይሆን ሁለት እርከን አለው፤ በሁለቱ መካከልም ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረደ ስምጥ መሬት ተኝቷል። ማንጎሮ በዚህ ስምጥ ውስጥ ገብቶ ወደ ደቡብ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው የታችኛውን እርከን በስቶ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው፤ ከማሃኖሮ ከተማ በስተደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በዚያው ስምጥ ሰሜን ጫፍ የደሴቲቱ ትልቁ ሐይቅ፣ አላኦትራ ይገኛል፤ ውሃውን ወደ ምሥራቁ ባሕር የሚያወጣው ማኒንጎሪ የተባለው ወንዝ ነው። ስለዚህ መምህር፣ ቀደም ሲል ያልኩት ቤት በምሥራቁ ግድግዳ በኩል አንድ አሸንዳ አለው ማለት ነው። ጠብታው አሸንዳው ውስጥ ከወደቀ ወዲያው መሬት አይደርስም።

እኅቴ ከመሐል ሜዳ ስለ ዝናቡ ያረሙኝ እርማት ትክክል ነው፤ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ መምህር፣ ደብረ ሲና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰኞ ዕለት ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከቤቴ አንድ ሰፊ ትሪ ወስጄ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ በተቆፈረ ሸክላ አፈር የማዳጋስካርን ቅርጽ ከተማሪዎቹ ጋር አበጀን፤ አፋፉን ወደ ምሥራቁ ጠርዝ አስጠግተን፣ ምዕራቡን በእጃችን እያለሰለስን አዘነበልነው። ከዚያ ጣሳ ቀዳድደን፣ ጋሼ በጣርማ በር እንዳዩት ሁሉ በአፋፉ ሁለት ወገን እኩል ውሃ እንዲወርድ አደረግን። የምሥራቁ ውሃ ወዲያው ወርዶ ከትሪው ጠርዝ ደረሰ፤ የወረደበትንም ቦታ ቆረጠው። የምዕራቡ እየተጥመዘመዘ፣ ትናንሽ ጅረቶችን እየሰበሰበ ዘግይቶ ደረሰ፤ በደረሰበትም የትሪው ጥግ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጭቃ ተወ። የመርከበኛውን ጽሑፍ ቀደም ብዬ አንብቤላቸው ስለነበር፣ ከኋላ ያሉት ልጆች «ማሃጃንጋ!» ብለው ጮኹ።

ቀጥሎ በሰሌዳው ላይ ቤጺቦካን በቀይ ጠመኔ ሠራሁት። ከሥሩም በሬሳን እስከ ሜዲትራኒያን፣ የደብረ ሲናን ውሃ እስከ አቤ ሐይቅ አሰመርኩ። ብዙዎቹ ልጆች ዘወትር ተሻግረው የሚመጡት ጅረት ባሕር የማይገባ መሆኑን የሰሙት ገና በዚያን ዕለት ነበር። አንዱ፣ «ታዲያ በሐይቁ ውስጥ ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀ፤ ፀሐይ ውሃውን እንደምታተንነውና ጨውና ማዕድኑ እዚያው እንደሚቀር ነገርኩት።

ጥያቄውን ያመጣችው ተማሪ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ትሪውን ትመለከት ነበር። የማንጎሮን ነገር ሳነሣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች፤ በምሥራቁ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ በጠቋሚ ጣቷ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ቦይ ሰነጠቀችና ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ ውሃውን እንደገና አወረደችው። ውሃው ቦዩን ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ፣ ከጫፉ ሲደርስ ጥቂት ተጠራቀመ፣ ከዚያም ጭቃውን ሰብሮ ወደ ምሥራቅ ወጣ። እጇን እያደራረቀች፣ «አሁን ገባኝ» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።